ዌብኮሚክ ልትጀምሩ ላሰባችሁ፦ የትኛውን፣ ከየት ጀምሮ፣ በምን ያህል ዳታ

«አንድ ጥሩ ዌብኮሚክ (ኢንተርኔት ላይ የሚነበብ፣ በሥዕል የሚተረክ ሥራ) ንገረኝ» ላለ ሰው ስም ብቻ ነግሮ መሸኘት ውለታ አይባልም። ሄዶ የመጀመሪያውን ገጽ ይከፍታል፤ የሚያገኘው ሰዓሊው ገና እጁ ሳይፈታ ከሃያ ዓመት በፊት የሞነጫጨረውን ነው። ወይም የዛሬውን ይከፍታል፤ ማን የማን ጠላት እንደሆነ፣ ለምን እንደሚላቀሱ አይገባውም። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው ወደ ቲክቶክ መመለስ ነው። ስለዚህ እዚህ የምናነሳቸውን ኮሚክሶች ከነመግቢያ በራቸው እንጠቁማለን። ለጀማሪ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው በሩ ነው።

መለኪያችን የወሎ አንባቢ ነው። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ሐይቅ፣ ብዙው ሰው የሚያነበው በስልክ ነው፤ ያውም በመካከለኛ ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ፣ በጥቅል ዳታ። እንግሊዝኛው ትምህርት ቤት የተገኘው እንግሊዝኛ ነው። ክፍያ ከተጠየቀ ደግሞ በቴሌብር የሚያልቅ ነገር የለም፤ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ሦስት ነገር እናይበታለን፦ ስንት ዳታ ይበላል፣ ቋንቋው ምን ያህል ይከብዳል፣ ሳንቲም ሳይወጣ እስከ የት ያስኬዳል። ከታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አነባበቡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዌብኮሚክ በቅርጹ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የገጽ ነው፤ ሳጥኖቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ወደ ታች ይነበባሉ። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል የሚተርከውን ሥዕል ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ይህን አነባበብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ሁለተኛው ኮሪያውያን ያስፋፉት፣ በአውራ ጣት ወደ ታች እየተሳበ የሚነበበው ነው፤ ለስልክ የተሠራ ስለሆነ ማጉላት ማሳነስ የለበትም። የገጹ ዓይነት በስልክ ሲነበብ ስልኩን አጋድሞ መያዝ ይሻላል፤ ቁሞ ከተያዘ ፊደሉ ይደቃል፣ በሁለት ጣት እያጎሉ መከተሉም ያሰለቻል።

የመጀመሪያ ምርጫችን ኤክስ ኬ ሲ ዲ (xkcd) ነው። ራንዳል መንሮ የተባለ፣ ቀድሞ ናሳ ውስጥ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ከ2005 ጀምሮ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እያለ ያወጣዋል። ሰዎቹ ክብ ራስና የክብሪት እንጨት የሚያህል አካል ብቻ ናቸው፤ ዓይንም አፍም የላቸውም። የሥዕል ውበት ፈልጎ የመጣ ሰው ቅር ይለው ይሆናል። ለዳታ ግን የሚስተካከለው የለም፤ አብዛኛው ክፍል በአሥሮች በሚቆጠር ኪሎባይት ያልቃል። ኔትወርክ ሲያንቀላፋ ከቪዲዮ ቀድሞ የሚከፈተው ይኼ ነው።

ታዲያ ከቁጥር 1 አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ከተማሪ ደብተር ላይ የተገለበጡ ንድፎች ናቸው፤ ቀልድም የላቸው። እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ስለሆነ በቁጥር መግባት ይቻላል፤ ከድረ ገጹ አድራሻ ቀጥሎ እዝባር አድርጋችሁ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ለማንኛውም ሰው የሚሆነው 936 ነው። ስለ ይለፍ ቃል ነው። ምልክትና ቁጥር እያፈራረቁ የሚሠሩት፣ ለማስታወስ ጭንቅላት የሚያዞር ቃል 28 ቢት ጥንካሬ ብቻ (ቢት ቃሉን ገምቶ ለማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ መለኪያ ነው) እንዳለውና በሰከንድ 1,000 ጊዜ በሚገምት ኮምፒውተር በ3 ቀን እንደሚሰበር ያሳያል፤ በዕጣ የተመረጡ አራት ተራ ቃላት ሲደረደሩ ግን 44 ቢት ይሆናሉ፣ ለመስበርም 550 ዓመት ይፈጃሉ። ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ በስድስት ሳጥን ነው። የፌስቡክ ገጹን ለተቀማ ወዳጅ ከመካሪ ዘመድ በፊት ይህን ላኩለት።

327 ለተማሪ ነው። ትምህርት ቤቱ እናት ዘንድ ይደውላል፤ ኮምፒውተራችን ላይ ችግር ደርሷል ይላል። እናት ልጇ አንድ ነገር ሰብሮ እንደሆን ትጠይቃለች። ነገሩ ሌላ ነው፦ ልጇን ስታስመዘግብ ሮበርት ከሚለው ስም ቀጥላ «የተማሪዎችን ሰንጠረዥ አጥፋ» የሚል የዳታቤዝ ትዕዛዝ ጨምራበታለች፤ የዓመቱ መዝገብ በሙሉ ጠፍቷል። እናትዬዋ ምንም አልመሰላት፤ ከእንግዲህ የሚገባላችሁን ጽሑፍ ማጣራት ትማራላችሁ ብላ ነው የምትዘጋው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዳታቤዝ ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሳይስቅ አያልፈውም፤ ላልወሰደው ግን ውኃ ቢወቅጡት ነው። የኤክስ ኬ ሲ ዲ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው፤ ግማሹ ክፍል ሂሳብ፣ ፊዚክስ ወይም ፕሮግራሚንግ ይጠይቃል። አንዱ ካልገባችሁ ሳትብሰለሰሉ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ ወይም አንባቢዎች ለየክፍሉ ማብራሪያ የሚጽፉበት ራሱን የቻለ ዊኪ አለና እዚያ ቁጥሩን ፈልጉ። ፓይተን የምትማሩ ከሆነ 353ን አንብቡና ኮምፒውተራችሁ ላይ «ኢምፖርት አንቲግራቪቲ» ብላችሁ እዘዙ፤ ኢንተርኔት ካለ የሚከፈተውን ታዩታላችሁ።

ሁለት ነገር አዲስ አንባቢን ያሞኛል። አንደኛው ስውሩ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሥር ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ሥዕሉ ላይ ስታሳርፉት ይወጣል። ስልክ ማውስ ስለሌለው ሰው ግማሹን ቀልድ ሳያይ ይሄዳል። መፍትሔው ከአድራሻው ፊት «ኤም» ፊደልና ነጥብ ጨምሮ የስልኩን ገጽ መክፈት ነው፤ ከሥዕሉ አጠገብ ስውሩን ጽሑፍ የሚያወጣ ማስፈንጠሪያ አለ፣ መንካት ብቻ ነው። ሁለተኛው 1190 ነው። ስሙን ሰምታችሁ ትከፍቱትና አንድ ጸጥ ያለ ሥዕል ብቻ ታያላችሁ። ተበላሽቶ አይደለም። በ2013 ለአራት ወር ያህል በየጊዜው እየተቀየረ 3,099 ሥዕል የወጣበት ክፍል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብወለድና የምናብ ሥራዎች ሽልማት ያገኘውም በዚህ ነው። ገጹ ላይ የቀረው ግን የመጨረሻው ነው። ሙሉውን ለማየት አንባቢዎች ያዘጋጇቸው ማጫወቻዎች አሉ፤ ያን ሁሉ ሥዕል በጥቅል ዳታ ማውረድ ግን አንመክርም። 1110ም እየጎተታችሁ የምትዞሩበት ሰፊ ሥዕል ስለሆነ ዋይፋይ ጠብቁለት።

እንግሊዝኛው ለሚያስፈራው ሰው ደግሞ የሳራ አንደርሰን «ሳራስ ስክሪብልስ» አለ። ብዙውን ጊዜ በሦስት አራት ሳጥን ያልቃል፣ በአንድ ሳጥን አምስት ስድስት ቃል ቢኖር ነው። እንቅልፍ፣ ስንፍና፣ ሰው ፊት መቆም የሚያሳፍራት ልጅ። ከየትም ይጀመራል። ብዙ ሲነበብ ይደጋገማል፤ በቀን ሁለት ይበቃል።

ከሁሉም አስፍተን የምንናገርለት «ፔፐር ኤንድ ካሮት» ነው። ዳቪድ ረቭዋ የተባለ ፈረንሳዊ በ2014 የጀመረው፣ ፔፐር የምትባል ልጅና ካሮት የሚባለው ብርቱካንማ ድመቷ የሚኖሩበት ተረት ነው። ሥዕሉ ክሪታ በተባለ ነጻ ሶፍትዌር የተሠራ ሲሆን ከማንኛውም በመጽሐፍ መደብር ከሚሸጥ ኮሚክስ አያንስም። ማስታወቂያ የለውም፣ የተቆለፈ ክፍል የለውም፣ ተመዝገቡ አይልም፤ ሰዓሊው የሚተዳደረው አንባቢዎች በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ነው። ይኼኛው ከ1 ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ክፍል የመብረር መድኃኒት ስለመቀመም ነው፣ ንግግሩ ጥቂት ነው፣ ልጅም ይረዳዋል። ሳቁ የሚጀምረው ግን 6 ላይ፣ የቅመማ ውድድሩ ጋ ነው። ኋላ እየገፋ ሲሄድ ታሪኩ እየተያያዘ ስለሚመጣ ከመሃል መግባት አይመችም።

ለወላጅ አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። ፔፐር ጠንቋይ ናት፤ አሳዳጊዎቿም ጠንቋዮች ናቸው። ነገሩ የተረት ነው፤ ቢሆንም ቤታችሁ ክርስቲያንም ይሁን እስላም «ጥንቆላ» የሚለው ቃል የሚከብዳችሁ ከሆነ መጀመሪያ እናንተ ሁለት ሦስት ክፍል እዩት።

ገጹ ላይ ሥዕሎቹን በከፍተኛ ጥራት የሚያሳይ አማራጭ አለ። በስልክ ስታነቡ እሱን አትንኩት፤ ለማተሚያ የታሰበ ስለሆነ ፋይሉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ በስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ልዩነቱ አይታይም። ተራው ጥራት ይበቃል።

ይህን ሥራ ከሌላው የሚለየው ፈቃዱ ነው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ስር የወጣ ስለሆነ ማንም ሰው ማባዛት፣ መተርጎም፣ ትርጉሙን መሸጥም ይችላል፤ ግዴታው የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ዓይነት መጥቀስና ምን እንደተለወጠ መናገር ነው። ለእንግሊዝኛ ክበብ ወይም ለሰፈር ቤተ መጻሕፍት ወደ አማርኛ እንመልሰው ለምትሉ አሠራሩ እንዲህ ነው። ንግግሩ ከሥዕሉ ተለይቶ በኤስ ቪ ጂ ፋይል ይቀመጣል። ኢንክስኬፕ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ገጹን ትከፍታላችሁ፣ ንግግሩ ላይ ሁለት ጊዜ ተጭናችሁ እንግሊዝኛውን ታጠፋላችሁ፣ አማርኛውን ትጽፋላችሁ። ሥዕሉ አይነካም።

የሚበላሸው ፎንቱ ላይ ነው። የቀድሞው ፎንት ለላቲን የተሠራ ነው፤ ፊደል ስትጽፉበት ኢንክስኬፕ ከኮምፒውተራችሁ ሌላ ፎንት ፈልጎ ዝም ብሎ ይተካበታል። እናንተ ጋ ያማረው ጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጽሑፉን መርጣችሁ በስም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ አድርጉት፤ ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚይዝ የአማርኛው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛው ያጠረ ቦታ ይይዛል። ያ የተረፈው ቦታ እንዳያታልላችሁ፤ ፊደሉን ለማተለቅ ተጠቀሙበት። «ጿ» እና «ኋ» የመሳሰሉት በትንሽ መጠን ሲታተሙ ውስጣቸው ይደፈናል። ሌላው፣ እንግሊዝኛው ጩኸትን በትልልቅ ፊደላት ያሳያል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን ጩኸቱን በማወፈር አሳዩት። ሲጨርሱ እንደ ፒ ኤን ጂ አውጥቶ በስልክ ማየት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ የተነበበ ሁሉ ስልክ ላይ ይነበባል ማለት አይደለም።

ለማተም ከሆነ ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመድኃኒቶቹ ቀለም የታሪኩ አካል ነው፤ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሲወጡ ተማሪው ምን እንደሚያስቅ አይገባውም። የቀለም ኅትመት ከወደደባችሁ ኤክስ ኬ ሲ ዲን ወስዳችሁ አባዙ። የእሱም ፈቃድ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ለንግድ ማዋልን ግን ይከለክላል፣ ስለዚህ ተማሪውን ገንዘብ አታስከፍሉ።

ረጅም ታሪክ ለሚወድ «ዲገር»። ኡርሱላ ቨርነን የጻፈችውና የሣለችው፣ በ2012 የሁጎ ሽልማት ያገኘ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ያለቀ፣ በነጻ የሚነበብ ሥራ ነው። «ያለቀ» የሚለውን አስምሩበት። ዌብኮሚክ ላይ የብዙ አንባቢ ቁስል ሰዓሊው መሃል መንገድ ላይ ጥሎት የጠፋው ታሪክ ነውና። ባለታሪኳ ዎምባት ናት፤ ዎምባት የአውስትራሊያ ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ነው። ስትቆፍር መጥፎ አየር ባለበት መሬት ውስጥ አቅጣጫ ይጠፋባትና ወደ ላይ ፈልፍላ ስትወጣ ራሷን የማታውቀው አገር ቤተ መቅደስ ወለል ላይ ታገኘዋለች። የሚያነጋግራት ደግሞ የድንጋይ ሐውልት ነው። ዲገር መሐንዲስ ናት፤ ለአማልክትም ለትንቢትም ትዕግሥት የላትም፤ የሚያሳስባት ዋሻው በምን ተደግፏል የሚለው ነው። ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነገር ስለሚበዛበት ለሕፃን አንሰጠውም፤ ለትልቅ ሰው ግን ያወያያል።

እኛን የገዛን ጅቦቹ ናቸው። የራሳቸው ነገድ፣ ሕግና እምነት ያላቸው ጅቦች አሉበት። አንደኛው በሠራው ጥፋት ከነገዱ ተባርሯል፤ ቅጣቱም ስሙን መነጠቅ ነው። ስም የሌለው ሆኖ ብቻውን ዋሻ ውስጥ ሲኖር ዲገር ሳታውቅ ትደርስበትና ለመጥራት ስለቸገራት ኤድ ትለዋለች። ማታ ማታ የጅብ ድምፅ እየሰማ ያደገ ሰው ጅብን እንዲህ አስቦት አያውቅም። እንግሊዝኛው መካከለኛ ነው፤ የሚያስቸግረው የኤድ አነጋገር ነው፣ ሰዋስው የማይጠብቅ ስለሆነ ከመዝገበ ቃላት ጋር አትታገሉለት፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ፤ ጅቦቹ እስኪመጡ ታገሡ። ነጻ መሆኑ ግን ለማባዛት መፈቀዱ አይደለም፤ ይኼኛው በባለቤቷ መብት የተጠበቀ ነው።

አጭርና አስፈሪ ካላችሁ የኤሚሊ ካሮልን «ሂዝ ፌስ ኦል ሬድ» አንብቡ። በ2010 የወጣ፣ በአንድ መቀመጫ የሚያልቅ፣ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ምን እንደሚሆን አንነግራችሁም፤ ጉድጓዱ ጋ ስትደርሱ ግን ጣታችሁን ቀስ አድርጉ፣ ወረቀት ላይ ሊሠራ የማይችል ነገር የሠራችው እዚያ ነው። ሲመሽ ባይነበብ ይመረጣል።

አሁን ወደ ዌብቱን። ብዙ ወጣት ዌብኮሚክ ሲባል የሚያውቀው ይኼን አፕ ነው። ናቨር የተባለው የኮሪያ ድርጅት በአገሩ በ2004፣ በእንግሊዝኛ በ2014 ጀመረው። አማርኛ የለውም። ብዛቱ ያሰክራል፤ ችግሩም እሱ ነው። ውስጡ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ፦ ድርጅቱ ከፍሎ የሚያሠራው ኦሪጅናልስና ማንም ሰው የሚለጥፍበት ካንቫስ። ጀማሪ ከኦሪጅናልስ አይውጣ፤ ካንቫስ ላይ አልማዝም አለ፣ ከሦስት ክፍል በኋላ የተጣለም አለ።

የኮሪያ ድራማ የምትከታተሉ ከ«ትሩ ቢዩቲ» ጀምሩ። በ2020 ድራማ የሆነው ይኸው ታሪክ ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እንግሊዝኛው ባይገባ ሥዕሉ ይነግራችኋል። ድራማና ኮሚክሱ እያደር መንገዳቸው ስለሚለያይ ደግሞ አየነው ብላችሁ አትተዉት። በጥድፊያ ለሚያነብ «ሴፍሊ ኤንዴንጀርድ» አለ፤ እንስሳትና ዕቃዎች የሚያወሩበት፣ አንዱ ክፍል ከአንድ ደቂቃ የማያልፍ ቀልድ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ለምትመላለሱ ልኩ ይኼ ነው፤ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ግን ስልኩን ኪስ አስገቡት፣ ወደ ታች እየሳቡ ማንበብና ወደ ታች መጠምዘዝ አብረው ለሆድ አይመከሩም።

«ሎር ኦሊምፐስ» የግሪክ አማልክትን የፍቅር ታሪክ ዘመናዊ አድርጎ የሚተርክ፣ ቀለሙ ዓይን የሚይዝ፣ በ2022 አይስነር የተባለውን የኮሚክስ ሽልማት ያገኘና በ2024 የተጠናቀቀ ሥራ ነው። ውስጡ የመደፈር ታሪክ አለበት፤ ለታዳጊ ልጅ አይሆንም። «ታወር ኦፍ ጎድ» ደግሞ ከ2010 ጀምሮ የሚወጣ፣ ከ600 ክፍል በላይ የሆነ ባሕር ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሥዕል ደካማ ነው፤ ወዳጆቹ «ቆይ ይሻሻላል» ይሏችኋል፣ እውነታቸውን ነው። ለመጀመሪያ ኮሚክስ ግን አንመርጠውም፤ ስሞቹና ሕጎቹ ብዙ ስለሆኑ አንድ ወር ያቆመ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ይጠፋበታል።

ክፍያውን በተመለከተ፦ አዳዲሶቹ ጥቂት ክፍሎች በሳንቲም የተቆለፉ ናቸው። አትግዙ። ሳምንት በጠበቃችሁ ቁጥር አንድ አንድ እያሉ በነጻ ይከፈታሉ። ካለቁት ሥራዎች አንዳንዶቹ ደግሞ በቀን አንድ ክፍል ብቻ ነው የሚከፍቱላችሁ፤ የተከፈተውም ለተወሰኑ ቀናት ነው የሚቆየው። ስለዚህ ያለቀ ሥራ ስትጀምሩ ይህ ሕግ እንዳለበት መጀመሪያ እዩ፤ አለበለዚያ ጥሩው ቦታ ላይ ስትደርሱ በሩ ይዘጋባችኋል።

ዳታው ከባድ ነው። አንድ ክፍል ረጅም ቀለም ያለው ሥዕል ስለሆነ ብዙ ሜጋ ይወስዳል፤ አሥር ክፍል በተከታታይ ያነበበ ሰው ጥቅሉ የት እንደገባ አያውቅም። አፑ ውስጥ የማውረጃ ምልክት አለ፤ ግቢ ወይም ካፌ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ቤት አንብቡ። የወረደው ለዘለዓለም አይቀመጥም፣ ጊዜው ሲያልፍ ይጠፋል፤ ጋለሪ ውስጥም አይታይ፣ በዜንደርም አይላክ። ስልካችሁ ራሙ 2 ጊጋ ከሆነና አፑ እየተዘጋ ካስቸገራችሁ በክሮም ክፈቱት፤ አፑን ጫኑ እያለ ይወተውታል እንጂ ያስነብባል።

ለሌሎቹ ድረ ገጾች በክሮም ሦስቱን ነጥብ ተጭኖ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት መንካት ገጹን እንዳለ ያስቀምጣል፤ መብራትም ኔትወርክም ሲጠፋ ይነበባል። ብዙ ሰው ግን ገጹ እንደተከፈተ ቀስቱን ይነካና በኋላ ባዶ ሳጥን ያገኛል። ምክንያቱ ብዙ ገጾች ሥዕሉን የሚጭኑት አንባቢው ወደ ታች ሲወርድ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ እስከ ታች ሳቡት፣ ሁሉም መታየቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ አስቀምጡ።

ቴሌግራም ላይ ለጓደኛ ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ አትላኩ። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1,280 ፒክሰል አካባቢ ያሳጥረዋል። ስፋቱ 800፣ ቁመቱ 10,000 የሆነ የዌብቱን ሥዕል በዚያ ስሌት ስፋቱ 100 ገደማ ይቀራል፤ አንድ ፊደል አይነበብም። «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። ፋይሉ ደርሶም ጋለሪ ውስጥ ከደበዘዘ ስልኩ ነው ያሳነሰው፤ በክሮም ክፈቱት። በየቻናሉ በፒ ዲ ኤፍ የሚዞሩትን ግን አንመክርም። መብቱን ትተን ለዓይን እንኳ አይሆኑም፤ ረጅሙን ሥዕል በገጽ ልክ ስለሚቆርጡት አንዱ ሳጥን ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይወድቃል፣ ድንጋጤ የተጠበቀበት ቦታ ላይ የገጽ ቁጥር ይመጣል።

በካሜራ የሚተረጉመውን የጉግል ትርጉም ልጠቀም ለምትሉ፦ ጽሑፉ ሥዕል ውስጥ ስለሆነ የክሮም ትርጉም አያነበውም፣ ካሜራው ያነበዋል። ግን አጠገብ ላጠገብ ያሉ የሁለት ሰዎችን ንግግር እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ያገናኛቸዋል፤ በእጅ የተጻፈ ፊደልም ያደናግረዋል። አንድ ንግግር ብቻ እንዲታይ አቅርባችሁ ያዙት። ለቀልድ አይሠራም፤ ለ«ዲገር» ዓይነቱ ትረካ ግን ይረዳል።

ስማቸው ትልቅ ሆኖ ለጀማሪ የማንመክራቸው አሉ። «ዳይነሶር ኮሚክስ» ከ2003 ጀምሮ እነዚያኑ ስድስት ሥዕሎች ሳይቀይር ንግግሩን ብቻ እየለወጠ የሚወጣ ነው፤ ዳይነሶሩ ሁልጊዜ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ያቺኑ የእንጨት ጎጆ ሊረግጥ እግሩን ያነሳል። ሐሳቡ ድንቅ ነው፣ ጽሑፉ ግን ጥቅጥቅ ያለ የፍልስፍና እንግሊዝኛ ነው። «ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» የመጀመሪያዎቹ መቶ ገደማ ክፍሎች የአንድ ጨዋታ ሕግ ላይ የሚቀልዱ ናቸው፤ ጨዋታውን የማያውቅ ሰው የሚያስቀው አያገኝም፣ እውነተኛው ታሪክ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። «ሳተርዴይ ሞርኒንግ ብሬክፋስት ሲሪያል» በየቀኑ የሚወጣ ብልህ ሥራ ቢሆንም የመኝታ ቤት ቀልድ ይበዛበታል፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ ሽማግሌ ካለ አትክፈቱት።

ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወልድያ ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ላላችሁ ብቻ የሚሆን አንድ አለ፤ «ፒ ኤች ዲ ኮሚክስ»። ሆርሄ ቻም ስታንፎርድ ተማሪ ሳለ በ1997 የጀመረው ነው። አማካሪ መምህር የማይመልሰው ኢሜይል፣ የማያልቅ ቴሲስ፣ ስብሰባ ላይ ነጻ ምሳ ፍለጋ። ከየትም ክፈቱት፤ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ሁኔታው ደግሞ ትርጉም አያስፈልገውም። አሁን አዲስ ክፍል እምብዛም አይወጣም፤ የቆየው ግን ለአንድ ሴሚስተር ይበቃል።

በአማርኛስ ለሚል፦ «ጀምበር» አለ። እጣን ኮሚክስ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው፣ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ተመራቂ ልዩ ኃይል ሲያገኝ የሚሆነውን የሚተርክ ነው። በየሳምንቱ በነጻ የሚለቀቅ ዌብኮሚክ ሳይሆን በቅጽ የሚሸጥ ስለሆነ ከላይ ካሉት ጋር አንድ ላይ አንመዝነውም። ሥዕሉ የአሜሪካን የጀግና ኮሚክስ መንገድ የተከተለ ነው፤ ፊቱ፣ መንገዱ፣ ታክሲው ግን የኛው ነው። ስትገዙ የአማርኛው ቅጂ መሆኑን አይታችሁ ግዙ፤ የመጀመሪያውን ቅጽ ሳታነቡም ሁለተኛውን አትያዙ፣ ታሪኩ ተያያዥ ነው።